ሻንት የተሠራለት ሰው አይረን ይዋጥ?

ይህን ጥያቄ ይዞ የጤና ባለሙያዎች የሚጻጻፉበትን የውይይት ክር የከፈተው ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ነው። በጉበት ጠባሳ የተነሳ ደም ያስመልሰው የነበረ ሰው ሻንት፣ ማለትም ደሙ ጉበቱን አልፎ የሚሄድበት መንገድ፣ ይሠራለትና ደሙ ይቆማል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ድካም ይመጣል፤ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል። ይሄኔ ደም ማነስ ነው ይባልና ፌረስ ሰልፌት የሚባለው የአይረን (የብረት) ኪኒን ይታዘዝለታል። የፋርማሲው ባለሙያ አቋሙን ሳይሸፋፍን ነው ያስቀመጠው፤ ሻንት ያለው ሰው ፌሪቲኑ (የተከማቸውን ብረት የሚጠቁመው) እና የትራንስፈሪን ሙሌቱ (ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን ምን ያህል እንደተሞላ) ሳይታይ አንዲት የአይረን ኪኒን እንኳ ሊሰጠው አይገባም። አንዷ ኪኒን 65 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ትይዛለች፤ ጤነኛ ሰውነት ደግሞ በቀን የሚያስገባው 1 ወይም 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ከልክ አልፎ ከሆነ ባልደረቦቹ እንዲያርሙት ጠየቀ።

17 መልስ ተከተለው። ሁሉንም እኩል አልተርክም። የላቦራቶሪውና የልቡ መልሶች ላይ ግን እቆያለሁ፤ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ በሚፈጠረው ስህተት ነውና።

1ኛውን የጻፈው ደሴ ያለ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ከሥሩ ጀመረ። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣው ደም በፖርታል ሥር በኩል ጉበት ይገባል። ጉበት ሲጠጥር መንገዱ ይዘጋል፤ ግፊቱም ወደ ኋላ ተመልሶ የጨጓራንና የጉሮሮ ቱቦን ሥሮች ያሳብጣል፤ እነሱ ሲፈነዱ ነው ሰው ደም የሚያስመልሰው። ሻንት ደሙን ጉበትን አሳልፎ በቀጥታ ወደ ትልቁ ደም መላሽ ሥር ይሰደዋል። ግፊቱ ይወርዳል፣ መድማቱም ይቆማል። የብረቱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰውነት ውስጥ በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት አለ፤ ትርፉን የሚያስወጣበት በር ግን የለውም። ያለው ዘበኛ አንድ ነው፤ ጉበት የሚሠራው ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን። ብረት ሲበዛ ሄፕሲዲን ከፍ ይልና የአንጀትን በር ይዘጋል። ጉበት ሲደክም ዘበኛው ይዳከማል፤ በሩም ገርበብ ብሎ ይቀራል። ሐኪሙ ያከለው ነጥብ ለእኔ የክሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ከሻንቱ በፊት በሽተኛው ደም በማስመለስ ብረቱን ሲያፈስ ነበር። ሻንቱ መድማቱን ሲያቆም በሩ ክፍት እንደሆነ መውጫው ተደፈነ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብረት ያነሰው ሰው ከዓመታት በኋላ ብረት የሞላው ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ የተጻፈች የአይረን ማዘዣ እየታደሰች ከቀጠለች ጉዳቱ በዚያው ልክ ይከፋል።

2ኛው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር፤ ሁሉንም ያስደነገጠው እሱ ነው። ፌሪቲን ብቻውን እንደሚዋሽ አስረዳ። ሄፓታይተስ ሲነሳ፣ ሳንባ ነቀርሳ ሲኖር፣ ኢንፌክሽን ሲገባ፣ መጠጥ ሲበዛ ፌሪቲን ያለ ብረት ክምችት ከ1,000 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሊያልፍ ይችላል። የትራንስፈሪን ሙሌትም ብቻውን ይዋሻል፤ ትራንስፈሪንን የሚሠራው ጉበት ስለሆነ የደከመ ጉበት ትንሽ ይሠራል፣ ትንሹም ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነበቡ። ስሌቱንም አሳየ። ሴረም አይረን (በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ብረት) 60፣ አጠቃላይ ብረት የመሸከም አቅም 240 ከሆነ ሙሌቱ 25 በመቶ ነው፤ ፌሪቲኑ 1,200 ቢሆንም መጀመሪያ የሚፈለገው ኢንፌክሽን ነው። ሴረም አይረን 180፣ አቅሙ 220 ከሆነ ደግሞ 82 በመቶ ይሆናል፤ ከከፍተኛ ፌሪቲን ጋር ከመጣ ብረት ሞልቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ጥርጣሬ የሚጀምረው ከ45 በመቶ በላይ ሲሆን ነው።

ከዚያ ወደ ናሙናው ሄደ። ደሙ ጠዋት፣ ምግብ ሳይበላ ይቀዳ። የአይረን ኪኒን ቢያንስ 24 ሰዓት ይቁም፤ አለበለዚያ የሚለካው ትናንት ማታ የተዋጠችው ኪኒን ነች። በቀጭን መርፌ በኃይል ተስቦ ቀይ ሕዋሱ የፈነዳ ናሙና፣ ሴረሙ ሮዝ ከመሰለ፣ ይጣልና እንደገና ይቀዳ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚላክ ናሙና ሴረሙ ተለይቶ ይጓዝ እንጂ ሙሉ ደም ቱቦ ውስጥ እየተንገጫገጨ ዳገቱን አይውጣ። ይህን የመሰለ ምክር ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ውጤቱን የሚወስነው ግን እሱ ነው።

3ኛው መልስ የአንዲት ነርስ ጥያቄ ነው። ከሐይቅና ከከሚሴ አካባቢ በሚመጣው የቢልሃርዚያ ጉበት ላይም ይህ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ፈለገች።

4ኛው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሲሆን ሲስተር ብሎ በአክብሮት መለሰላትና የመነሻውን ጽሑፍ አረመ። ቢልሃርዚያ የሚያጠብበው በጉበት ውስጥ በፖርታል ሥር ቅርንጫፎች ዙሪያ ያለውን ቦታ ነው፤ የጉበት ሕዋሱ ራሱ ለረጅም ጊዜ ደህና ይሆናል፤ ሄፕሲዲኑም ይሠራል። ከሻንት በኋላ በደንብ የተገለጸው የብረት ክምችት የሲሮሲስ፣ ማለትም የጉበት ጠባሳ፣ ነው፤ በተለይ መጠጥ የተጨመረበት። ደግሞም በቢልሃርዚያ ደሙን ሙሉ በሙሉ ከጉበት የሚያዞር ሻንት አእምሮን ስለሚያደናግር ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ይሸሹታል። ጣፊያውን አውጥቶ ያበጡትን ሥሮች መቁረጥና ማሰር፣ ወይም የጣፊያውን ሥር ብቻ ከኩላሊት ሥር ጋር ማገናኘት ይመረጣል። ስለዚህ ሻንት ሁሉ አንድ አይደለም። በሽተኛው ከውጭ ይዞት የመጣው የኦፕሬሽን ወረቀት ይነበብ፤ የተገናኘው የትኛው ሥር ከየትኛው ጋር ነው? ወይስ በአንገት ሥር በኩል ጉበት ውስጥ የገባ ቲፕስ የሚባለው ቱቦ ነው? ቲፕስ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀይ ሕዋስ በቱቦው ላይ እየተጋጨ ሊፈነዳ ይችላል። ይህም ደም ማነስ ነው፤ ነገር ግን የፈነዳው ሕዋስ ብረት እዚያው ሰውነት ውስጥ ስለሚቀር አይረን አይጨመርለትም። መፈንዳቱን ለማወቅ ቢሊሩቢን፣ ኤልዲኤች እና ሬቲኩሎሳይት የሚባሉት የደም ምርመራዎች ይታያሉ።

5ኛው አጭር ነው፤ ልክም ነው። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ ይገባል። በማስመለስ ዘመኑ 20 ከረጢት የተሰጠው ሰው ከ4 እስከ 5 ግራም ተቀብሏል፤ ሰውነቱ ውስጥ ከነበረው በላይ። አብዛኛውን በማስመለስ መልሶ ቢያጣውም ሂሳቡ መያዝ አለበት። ስለዚህ ከምርመራው በፊት የድሮ ካርዶች ተሰብስበው ከረጢቶቹ ይቆጠሩ።

6ኛው የልብ አልትራሳውንድ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ክሩ ላይ የተጻፈው ሁሉ ቢጠፋ ይህ እንዲቀር እመኛለሁ። ከሻንት በኋላ ልብ የሚጎዳበት መንገድ ሁለት መሆኑንና የሚለያያቸውም ጊዜ መሆኑን ጻፈ። ቶሎ የሚመጣው የጭነቱ ነው። ሻንቱ እንደተከፈተ ወደ ቀኝ ልብ የሚመለሰው ደም ይጨምራል። ጤነኛ ልብ ይችለዋል፤ በሲሮሲስ የደነደነ ልብ ግን ሲዘረጋ ይቸገራል፣ በቀናት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥም ውሃ ይቋጥራል። የልብ ድካም ወይም ከባድ የሳንባ ሥር ግፊት ላለበት ሰው ቲፕስ የሚከለከለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የብረቱ ነው፤ እሱ ዓመታት ይፈጃል። ብረት የልብ ጡንቻ ውስጥ ሲቀመጥ መጀመሪያ ልብ መላላት ያቅተዋል፤ ቀጥሎ ምቱ ይዛባል፤ በመጨረሻ ልቡ ይሰፋና ይደክማል። በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ሲታይ ጠርዝ ላይ ያለ ልብ የመግፋት አቅሙ 60 በመቶ ሊያሳይና ሁሉም ሰላም ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ኢኮ የሚሠራው ሰው የግራውን የላይኛ የልብ ክፍል ስፋትና የልቡን የመላላት ሁኔታ ጭምር እንዲለካ በወረቀቱ ላይ ይጻፍለት። የልብን ብረት በቀጥታ የሚያሳየው ቲ-ቱ-ስታር የሚባለው የኤምአርአይ ልኬት ነው፤ ከ20 ሚሊ ሰከንድ በታች ብረት አለ ማለት ነው፣ ከ10 በታች አደጋው ትልቅ ነው። ማሽኑ ስላለ ብቻ ልኬቱ አይሠራም፤ ልዩ ዝግጅት ይፈልጋል። ሰው ወደ አዲስ አበባ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ደውሎ ይህንኑ በስሙ ይጠይቅ።

ኢኮ በሌለበት ጤና ጣቢያም አልጋው ላይ የሚታይ ነገር እንዳለ አሳየ። በሽተኛው ጀርባው 45 ዲግሪ ቀና እንዲል ትራስ ይደረግለት፤ አገጩ ትንሽ ወደ ግራ ይዙር፤ ከመስኮት የሚመጣው ብርሃን አንገቱን በጎን ያግኘው። በቀኝ አንገት ላይ የሚርገበገበው ሥር ጫፉ የት እንዳለ ይታያል። ከደረት አጥንቱ ጉብታ ቀጥ ብሎ ሲለካ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ካለ እብጠቱ ከልብ መሆኑ ይጠረጠራል። የጉበት ብቻ ውሃ ሆዱን ወጥሮት እንኳ አንገቱ ዝቅ ያለ ነው። ከሆድ በተቀዳው ውሃ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በዴሲ ሊትር ከ2.5 ግራም በላይ ከሆነም ልብ ይታሰብ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ተከባብሮ ነበር የሚጽፈው። 7ኛው ላይ ቃናው ተቀየረ። ጸሐፊው ብረት መብዛት የፈረንጅ የዘር በሽታ እንደሆነ፣ ወሎ ውስጥ ያለው ችግር የብረት ማነስ እንደሆነ፣ ክሩም እርጉዞችን አይረን እንዳይወስዱ የሚያስፈራራ እንደሆነ ተናገረ።

8ኛው በቁጣ መለሰ። በመጀመሪያው ሐሳብ ተስማማ፤ ኤችኤፍኢ በሚባለው ጂን ላይ ያለው የታወቀው ለውጥ የሰሜን አውሮፓውያን ነው። ግን ስለዘር ያወራ ሰው እንደሌለ፣ 1ኛውን መልስ ሳያነብቡ 7ኛ መልስ መጻፍ ለበሽተኛ እንደማይጠቅም በጠንካራ ቃል ነገረው። ስለእርጉዞች የተናገረው ግን ፍሬ ነገር ነው፦ ሻንት የሌላት እርጉዝ የታዘዘላትን አይረን ትውሰድ፤ ይህ ክር እሷን አይመለከትም። ቁጣውን ባልወደውም ይህ መስመር መጻፍ ነበረበት፤ 7ኛው ሰው ባይነሳ ማንም አይጽፈውም ነበር።

9ኛው ላይ ሂጃማ ገባ። ደም ማውጣት ብረት የሚቀንስ ከሆነ ዋግምትም ሂጃማም ያንኑ ያደርጋሉ፤ ወጪውም ትንሽ ነው የሚል ሐሳብ ነው።

10ኛው፣ 2ኛውን የጻፈው የላቦራቶሪ ባለሙያ ተመልሶ፣ በቁጥር መለሰ። ሄሞግሎቢኑ በዴሲ ሊትር 13 ግራም የሆነ ሰው 500 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ 65 ግራም ሄሞግሎቢን ይወጣል፤ እያንዳንዱ ግራም 3.4 ሚሊ ግራም ብረት ስለሚይዝ 221 ሚሊ ግራም ይሆናል። በዋግምት 50 ሚሊ ሊትር ቢወጣ 22 ሚሊ ግራም ነው። 5 ግራም ትርፍ ብረት ያለው ሰው በከረጢት 23 ጊዜ ያህል ይበቃዋል፤ በዋግምት ከ220 ጊዜ በላይ ቆዳው ይበጣል። ጉበቱ የደከመ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም፤ ደም የሚያረጋው ፕላትሌቱም ጣፊያው ውስጥ ታስሮ ዝቅተኛ ነው። ምላጩ በሰው መካከል ከተጋራ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ ይተላለፋል።

11ኛው የ9ኛው ጸሐፊ ነው። ቁጥሩን ተቀበለ፤ ነገር ግን ሂጃማን ከእምነት ጋር የያዘ ሰው ሲሰደብ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንደሚተው አሳሰበ። እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ የጻፉት ጠንቀቅ አሉ።

12ኛው ደም የማውጣት ሥርዓቱን ዘረጋ። የተለመደው በሳምንት አንድ ጊዜ ከ450 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሰውነቱ ለከሳ ወይም ልቡ ለደከመ ሰው 250። ፌሪቲን ከ50 እስከ 100 ሲደርስ ይረግባል። በየጊዜው ከመቅዳት በፊት ሄሞግሎቢን ይታያል፤ ከ11 በታች ከሆነ አይቀዳም። የደም ግፊቱ ከወረደ፣ ሆዱ በውሃ ከተወጠረ ወይም የልብ ድካሙ ካልተረጋጋ ደም ማውጣት ይቀርና ብረት የሚያስር መድኃኒት ይመጣል። ዴፌሮክሳሚን በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ይሰላል፤ 50 ኪሎ ለሆነ ሰው 2,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው ጠርሙስ አራት። በፓምፕ ከቆዳ ሥር ከ8 እስከ 12 ሰዓት ቀስ ብሎ ይገባል፣ በሳምንት ከ5 እስከ 7 ሌሊት። ሽንቱ ቀላ ቢል አይደንግጡ፤ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ከመጣ ግን መድኃኒቱ ይቁምና የርሲንያ የተባለው ባክቴሪያ ይፈለግ። ዴፌራሲሮክስ ኪኒን ስለሆነ ሰው ይወደዋል፤ በጣም ለደከመ ጉበት ግን አይሰጥም፤ ጨጓራም ያደማል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ልቡ ውስጥ ብረት ላለበት ሰው ቫይታሚን ሲ በብዛት መስጠት ብረቱን ቀስቅሶ ልብ ላይ ይጥለዋልና ያለ ሐኪም አይሞከር። በመጨረሻ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗን አስታወሰ፤ በዓለም ጤና ድርጅት የከፍታ ማስተካከያ መሠረት እዚህ የሚለካ ሄሞግሎቢን ከ1 ግራም በላይ ተቀንሶ መነበብ አለበት፣ ስለዚህ ገደቡ 12 ይሁን አለ።

13ኛው በትሕትና ግን በጽኑ ተቃወመ። የከፍታ ማስተካከያው ሠንጠረዥ የተሠራው ለሌላ ሕዝብ ነው። በ2002 በታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ነበር፤ በባሕር ጠለል ካለው እምብዛም አይለይም። የደሴውን ሰው በሠንጠረዥ ቀንሶ ደም አነሰው ማለትም፣ ገደቡን አንስቶ ሕክምናውን ማዘግየትም ስህተት ነው። የተሻለው የበሽተኛውን የራሱን መነሻ መዝግቦ፣ በአንድ ማሽን እየለኩ፣ ካለፈው ከአምስት አንዱን በላይ እንዳይወርድ መጠበቅ ነው። 12ኛው ሰው በአንዲት ምስጋና ተቀበለው።

14ኛው ክሩን ወደ ማጀት ወሰደው። ቀይ ጤፍ ብረት አለው ተብሎ የሚታማው በከፊል ከአውድማው አፈር ነው፤ እንጀራ የሚተውበት ምክንያት የለም። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፤ ለዚህ ሰው ደግ ነው። ጠላን ግን ነጥሎ አነሳው። በደቡባዊ አፍሪካ በብረት በርሜል የተጠመቀ የባህል ቢራ ብረት እየሟሟበት ጉበት ላይ ክምችት እንዳመጣ ይታወቃል፤ ኮምጣጣ ነገር ብረትን ይበላል። ጠላ በጋን ይጠመቅ እንጂ በዛገ በርሜል አይሁን፤ ጉበቱ የታመመ ሰው ደግሞ በጋንም በበርሜልም አይጠጣ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይከልከሉ፤ ብረት የበዛበት ሰው የርሲንያን ጨምሮ የአንዳንድ ባክቴሪያ ሲሳይ ነው። በርበሬና ሽሮ ሲሰናዳ ለታማሚው ጨው ሳይገባ ድርሻው ይለይ፤ የቀኑ ጨው በጠቅላላ 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ሁለት ሰዎች ከሥሩ ስለጤፍ ዋጋ ጀመሩ፤ አልፌዋለሁ።

15ኛው ወደ ልብ መለሰን። ኮምቦልቻ፣ ሐርቡና ከሚሴ የወባ አገር ናቸው። ሲሮሲስ ራሱ ኪውቲን፣ ማለትም ልብ በእያንዳንዱ ምት በኤሌክትሪክ ተነስቶ እስኪረጋ የሚፈጀውን ጊዜ፣ ያስረዝማል፤ ብረትም ምቱን ያዛባል። ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪንም፣ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪንም ኪውቲን ያስረዝማሉ፤ አዚትሮማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲንም እንዲሁ። ወባ ሳይታከም አይቀርም፤ ግን መጀመሪያ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ። ለልብ ምት ፍጥነት የተስተካከለው ኪውቲ ከ500 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ተኝቶ ይታከም። ላሲክስ የተባለውን ውሃ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ፖታሲየሙና ማግኒዚየሙ ይታይ።

16ኛው የመነሻው ጸሐፊ ነው። ሐሳቡን አስተካከለ። በሲሮሲስ ለተሠራ ሻንት ክልከላው ይጸናል፤ በቢልሃርዚያ ለተሠራ፣ ወይም ገና ደም ለሚያስመልስ፣ ፌሪቲኑም ዝቅ ላለ ሰው አይረን ተገቢ ሊሆን ይችላል። በፋርማሲው መስኮት ላይ ሦስት ጥያቄ እንደሚጨምርም ገለጸ፤ ሆድዎ ላይ የቀዶ ጠባሳ አለ ወይ፣ ደም አስመልሶዎት ያውቃል ወይ፣ አይረኑን የጀመሩት መቼ ነው። ለ12ኛው ደግሞ አንድ ነገር አቀረበ፤ ኮምቦልቻ ላይ ከረጢቱን በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው 450 ግራም ላይ ቢያቆሙ ይበቃ እንደሆነ ጠየቀ።

17ኛው፣ ደም ከረጢት በእጁ የሚይዝ ሰው መሆኑ የሚያስታውቅ፣ እንደማይበቃ ጻፈለት። ደም ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሚሊ ሊትር 1.06 ግራም ነው። ባዶው ከረጢት ደም እንዳይረጋ ከሚያደርገው 63 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ጋር ሚዛኑ ላይ ይቀመጥ፣ ሚዛኑ ዜሮ ይደረግ፣ ከክንድ በታች ይውረድ፣ እየተቀዳም ቀስ ተብሎ ይወዝወዝ። ለ450 ሚሊ ሊትር 477 ግራም ላይ፣ ለ250 ደግሞ 265 ግራም ላይ ቱቦው ይቆለፍ። 450 ግራም ላይ ያቆመ ሰው በእያንዳንዱ ጊዜ 25 ሚሊ ሊትር አጉድሏል፤ ይህ 20 ጊዜ ሲደጋገም ከአንድ ሙሉ ከረጢት በላይ ሳይወጣ ይቀራል።